ጣሪያው የማን ነው?

ከወራት በፊት አንድ ስልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። ርዕሱ «በቤት ውስጥ ሃይል እንዴት እንቆጥብ» የሚል ነው። ታዳሚዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ። እኔ የተጠራሁት ማስታወሻ እንድይዝ ነው። አሰልጣኙ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። ስላይዱም ያምራል። የማይጠቀሙበትን መብራት ያጥፉ። ስራ የፈታ ቻርጀር ይንቀሉ። የፍሪጅ በር ከፍተው አይቁሙ። ሃይል ቆጣቢ ዕቃ ይግዙ።

ጥያቄ ካለ ሲባል ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እጇን አወጣች። «እኔ ያለኝ አንድ አምፖል ነው» አለች። «እሱን ካጠፋሁት ጨለማ ነው። ፍሪጅ የሚባል ነገር የለኝም። ቤቴ ግን ቀን ምጣድ ነው፣ ሌሊት ደግሞ ያንዘፈዝፈናል። ጣሪያው ደግሞ የኔ አይደለም። እና እኔ ምኑን ልቆጥብ?»

ሰው ሳቀ። አሰልጣኙም ፈገግ አለና «ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በኋላ እንመለስበታለን» ብሎ ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፈ። አልተመለሰበትም። እኔ ማስታወሻዬ ላይ «ጣሪያው የኔ አይደለም» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

የከነከነኝ የአሰልጣኙ ማለፍ አይደለም። ስላይድ የያዘ ሰው ሁሉ ሰዓት ይጠብቀዋል። የከነከነኝ የምክሩ መነሻ ነው። ምክሩ በሙሉ «ድሃ የሚያባክነው ስለማያውቅ ነው» ከሚል ሃሳብ የተነሳ ነው። ከሰል በጣሳ እየለካ የሚገዛ ሰው ግን እያንዳንዷ ፍም ስንት እንደምታወጣ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ቆጣሪው ላይ ካርድ ሞልቶ ቁጥሩ ሲወርድ የሚያይ ሰው ስለ ቁጠባ ሊነገረው አይገባም። እንግዲያው ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

ሂሳቡ የት ነው የሚያልቀው?

የመብራቱን ነገር ቶሎ ልጨርሰው፤ ብዙ የሚያከራክር አይደለምና። የድሮው ባለ ክር አምፖል ከሚበላው ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን የሚለውጠው 5 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ባለ 60 ዋቱ የድሮ አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ዛሬ ከ8 እስከ 10 ዋት የሚበላ ኤልኢዲ የሚባለው አምፖል ይሰጣል። ለዚህ መንገድ የከፈተውን ሰማያዊ ኤልኢዲ የሠሩት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። ይገባቸዋል።

ግን አምፖሉ ድሃው ቤት የገባው በምክር አይደለም። ኩባ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የድሮውን አምፖል ከየቤቱ አውጥታ በቆጣቢ አምፖል ተካችው። ህንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 «ኡጃላ» የተባለ ፕሮግራም ጀምራ ከ360 ሚሊዮን በላይ ኤልኢዲ አከፋፈለች። በጅምላ ጨረታ ስለተገዛ የአንዱ አምፖል መግዣ ከ310 ሩፒ ተነስቶ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 38 ሩፒ ወረደ። ኤልኢዲ ቆጣቢ መሆኑን ሰዉ ቀድሞም ሰምቷል። በሩን የከፈተው ዋጋው ነው።

ትልቁ ወጪ ግን መብራት ላይ አይደለም። የሚያሞቅ ወይም የሚያቀዘቅዝ ነገር ላይ ነው። ባለ 1500 ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ በአንድ ሰዓት የሚበላውን ለመብላት ባለ 9 ዋት አምፖል ከ160 ሰዓት በላይ መብራት አለበት። ስለዚህ ልጆች ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ማምሸት ምንም አያተርፍም። ያ ስራ የፈታ ቻርጀርማ ከአንድ ዋት እጅግ ያነሰ ነው የሚበላው። ንቀሉት፣ ክፋት የለውም። ግን በሱ ወር አይገፋም።

ክዳኑ

አሁን ስለ ድስት ላውራ። ብዙ ሰው የሚንቀው ግን እኔ በራሴ ወጥ ቤት ያየሁት ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ጥራጥሬ ጥጄ ነበር። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር ክዳኑን ከፈት አድርጌ፣ እሳቱን እንደነበረ ትቼ ሌላ ሥራ ያዝኩ። ስመለስ መስኮቱ በእንፋሎት ላብ ወርዞታል። ግድግዳው ላይ ውሃው መስመር ሠርቶ ይወርዳል። ድስቱ ውስጥ ደግሞ ውሃው ወርዶ ጥራጥሬው አፍጥጧል። ያ ግድግዳ ላይ የሚወርደው ውሃ የተገዛ ሙቀት ነው፤ ከሰል ነው፣ ጋዝ ነው፣ ኤሌክትሪክ ነው።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ 335 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይበቃል። ያንኑ አንድ ሊትር ሙሉ በሙሉ አትንኖ ለመጨረስ ግን ሌላ 2,257 ኪሎጁል ይጨመርበታል። ወደ ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ ደግሞ እሳቱን የቱንም ያህል ብታነዱበት ሙቀቱ አይጨምርም። በጣም የሚንፈቀፈቀውም ቀስ ብሎ የሚንተከተከውም ድስት ሙቀቱ እኩል ነው፤ የሚበስለውም እኩል ነው። ልዩነቱ አንደኛው ቤቱን በእንፋሎት መሙላቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ክዳን፣ ትንሽ እሳት፣ ማታ የተዘፈዘፈ ጥራጥሬ። አለቀ።

ከዚህም ማለፍ ይቻላል። ድስቱ በደንብ ከፈላ በኋላ ከእሳት አውርዶ፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ካርቶን ወይም ቅርጫት ውስጥ መክተት። ቀሪውን ብስለት የታፈነው ሙቀት ይጨርሰዋል። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ሲያጥራቸው ሳር በተሞላ ሳጥን እንዲህ ያበስሉ ነበር። ሁለት ጥንቃቄ አለው። ቀይ ቦሎቄ ከሆነ ከመጠቅለሉ በፊት ቢያንስ 10 ደቂቃ ሙሉ መፍላት አለበት፤ ጥሬነቱ ሳይለቅ በዝቅተኛ ሙቀት ብቻ ከበሰለ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው። ምግቡም ለብ እስኪል ድረስ ተጠቅልሎ መቆየት የለበትም፤ ትኩስ ሳለ ይበላል ወይም እንደገና ይፈላል።

ይህን የወደድኩት ለምን መሰላችሁ? ማንንም ማስፈቀድ አይጠይቅም። ብርድ ልብሱ የተከራይዋ ነው፣ ድስቱም የሷ ነው።

ነገር ግን «ይሄው መፍትሔው፣ ባህሪያችንን እንለውጥ» ለሚል ሰው ፈጥኜ አላጨበጭብም። ሬማ ሃና፣ አስቴር ዱፍሎና ማይክል ግሪንስቶን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በህንድ ኦሪሳ (ዛሬ ኦዲሻ) ክፍለ ግዛት ለመንደር ቤተሰቦች የተሠሩ የተሻሻሉ ምድጃዎችን እስከ አራት ዓመት ተከታትለዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሴቶቹ የሚስቡት ጭስ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ውጤቱ ጠፋ። ምድጃው ሲሰነጠቅ የሚጠግነው አልነበረም፤ ሰዉም አዘውትሮ አልተጠቀመበትም። የማገዶውም ፍጆታ አልቀነሰም። ቤተ ሙከራ ውስጥ የቆጠበ ምድጃ ቤት ገብቶ ላይቆጥብ ይችላል። የሚያነደውም፣ የሚጠግነውም፣ የሚታገሠውም ሰው ነውና።

ላም አለኝ በሰማይ

«ሃይል ቆጣቢ ዕቃ ይግዙ» የምትለዋ ስላይድስ? በዚህ ላይ ናይሮቢ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አሳይቶኛል። ሱዛና በርኩወርና ጆሹዋ ዲን የተባሉ ተመራማሪዎች ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች አቀረቡ። ምድጃው ገበያ ላይ 40 ዶላር ያህል ያወጣል። የከሰል ወጪን በ39 በመቶ ይቀንሳል፤ በዓመት ወደ 120 ዶላር ማለት ነው። በጥቂት ወር ራሱን ከፍሎ ይጨርሳል። ማን እምቢ ይላል?

ሰዎቹ ግን በአማካይ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆኑት 12 ዶላር ብቻ ነበር። ይህን ያየ ሰው «አያችሁ፣ ጥቅሙ አልገባቸውም» ሊል ይችላል። ተመራማሪዎቹም ያንኑ ጠርጥረው ስለሚያተርፉት ገንዘብ ቁጭ ብለው እንዲያስቡና እንዲያሰሉ አደረጉ። ብዙም ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያመጣው ብድር ነው። ክፍያው በየጊዜው እንዲሆን ሲፈቀድላቸው ሊከፍሉ የፈቀዱት በእጥፍ ጨመረ። ሂሳቡ ገብቷቸዋል። አንድ ላይ የሚወጣ 40 ዶላር ግን የላቸውም።

የዓመት ትርፍ ለዛሬ ባዶ ኪስ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷንም አላይ። ልጅ የታመመበት ሰው ከአሥር ወር በኋላ የሚያገኘውን ቁጠባ ሐኪም ቤት ይዞ አይሄድም። እኔ ብሆንም አልገዛም።

ያረጀ ፍሪጅም የሚገዛው በዚሁ ምክንያት ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሌላ አገር የተጣለው ፍሪጅ በርካሽ ይገባል፤ ከዚያ ቀን ከሌት ኤሌክትሪክ ይጠጣል። በሩ ላይ ያለው ጎማ ላልቶ ቅዝቃዜው ያመልጣል። ጎማውን መፈተን ቀላል ነው፤ ወረቀት አስገብታችሁ በሩን ዝጉና ጎትቱት፣ ምንም ሳይይዘው ከወጣ ጎማው አልቋል። ጋና ይህ ነገር ሲበዛባት ያገለገለ ፍሪጅ እንዳይገባ በሕግ አገደች፤ እገዳው ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ግን እገዳው ብቻውን አልመጣም። አሮጌውን ላመጣ ሰው በአዲሱ ዋጋ ላይ ቅናሽ የሚሰጥ ፕሮግራም አብሮ ነበር። ልከኛ አካሄድ ይመስለኛል። ርካሹን በር ከመዝጋትህ በፊት ሌላ በር ክፈት ነው ነገሩ።

«እኔ ምን አገባኝ?»

እኔም ተከራይ ነኝ። የምኖርበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። የቀደመው ተከራይ ማዳበሪያ ሰፍቶ ወጥሮበት ነበር፤ እሱም ተቀዷል። ከሰዓት በኋላ ውስጥ መቀመጥ አይታሰብም። ሌሊት ደግሞ ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ከውጭው አየር ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል፤ በብርዱ ወቅት ጠዋት ጠዋት ትንፋሻችን ከሥሩ ጤዛ ሆኖ አልጋ ላይ ያንጠባጥባል።

አከራዬ ጨዋ ሰው ናቸው። ወር ሲደርስ ኪራዩን ይዤ ሄድኩና «ጋሼ፣ ኮርኒስ ቢገባለት እኮ ለቤቱም ጥሩ ነበር» አልኳቸው። ገንዘቡን ቆጥረው እስኪጨርሱ ምንም አላሉም። ከዚያ ቀና ብለው፣ ያለ አንዳች ክፋት፣ «ልጄ፣ የመብራቱን የምትከፍይ አንቺ፣ ሙቀቱ የሚያቃጥልሽ አንቺ። ኮርኒሱን የማስገባው ግን እኔ። እኔ ምን አገባኝ?» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ ጨመሩበት። «ካስገባሁማ ኪራይ እጨምራለሁ። ያኔ አንቺ ትወጫለሽ።»

የምመልሰው አጣሁ። ተናድጄ አይደለም። የሚሉት ሁሉ ልክ ስለሆነ ነው። ወደ ቤት እየተመለስኩ ነገሩን ከየአቅጣጫው አገላበጥኩት። እሳቸው ቢያስገቡ ትርፉ የኔ ነው። እኔ ባስገባ ደግሞ በወጣሁ ማግስት ኮርኒሱ የሳቸው ነው። እንዲያውም ቤቱ ስላማረ እኔው ላይ ኪራይ ሊጨመርብኝ ይችላል። ስለዚህ እሳቸው አያስገቡም፣ እኔም አላስገባም። ሁለታችንም አስበን፣ ሁለታችንም ልክ ሆነን፣ ቤቱ ግን እንደጋለ ይኖራል። ያቺ ሴት ስልጠናው ላይ ያለችው ይሄንኑ ነበር። እኔ እስከዚያ ቀን የሰማሁት እንደ ብሶት ነው። ለካ የችግሩን ዋና ቋጠሮ ነው በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረችን።

ኢኮኖሚስቶች ይህን የሚያውቁት ነው። አንዱ የሚከፍለው፣ ሌላው የሚጠቀመው ነገር ሳይሠራ ይቀራል። ሀብታም አገሮችም አላመለጡትም። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሃይል አያያዙ ከተወሰነ ደረጃ በታች የሆነ ቤት በአዲስ ውል እንዳይከራይ በሕግ ከልክለዋል። ያንን ሕግ ቀድቶ እኛን በመሰሉ አገሮች ላይ መለጠፍ ግን አያስኬድም። እዚያ አከራይ ስንል ብዙ ጊዜ ንብረት ያለው ሰው ማለታችን ነው። እዚህ አከራይ ማለት ጓሮው ውስጥ አንድ ክፍል ሠርቶ በኪራይዋ የሚተዳደር ጡረተኛ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ሲመጣ ክፍሏን ይዘጋታል ወይም ዋጋውን ይሰቅለዋል። ተከራይዋ ከምጣድ ወደ እሳት ትገባለች።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ብዙ የማይወራለት። ብዙ አገሮች የኤሌክትሪክ ታሪፋቸውን በደረጃ ይሠሩታል። ትንሽ የተጠቀመ በርካሽ፣ ብዙ የተጠቀመ በውድ። ሃሳቡ ድሃውን ለመርዳት ነው። ግን ድሃው ብዙ ጊዜ የራሱ ቆጣሪ የለውም። በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ ይጋራል። ቆጣሪው ደግሞ የሚያየው አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ነው፤ ሁሉንም ደምሮ ውዱ ደረጃ ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ አምፖልና አንድ ስልክ ቻርጅ የምታደርገው ተከራይ ባለ ቪላው የሚከፍለውን ታሪፍ ትከፍላለች። ከዚያ ሂሳቡ በጭንቅላት ሲካፈል ጠቡ ሌላ። ለየቤቱ ቆጣሪ ማስገባት የቁጠባ ሥራ አይመስልም፤ ግን የቆጠበችው ትርፍ ለራሷ ካልደረሳት ማን ይቆጥባል?

ቆርቆሮው ላይ የሚሆነው

ከዚያ ንግግር በኋላ ስለ ጣሪያ ያላነበብኩት የለም። አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል፤ ፀሐይን የሚመልስ ይመስላል። የተወሰነውን ይመልሳልም። ችግሩ የዋጠውን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ መልቀቅ ላይ ሰነፍ መሆኑ ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት ሙቀትን በጨረር የመልቀቅ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። ሲዝግና አቧራ ሲለብስ ደግሞ ጭራሽ ብዙ ፀሐይ ይውጣል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ያስተካክላል። ጥሩ ነጭ ቀለም ካረፈበት የፀሐይ ጨረር 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ የዋጠውንም ጥቂት ቶሎ ይለቃል። ቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል። ቀላል አይደለም፤ መተኛትና አለመተኛት ነው።

ህንድ ውስጥ ያለችው አህመዳባድ ከተማ ይህን በመከራ ነው የተማረችው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 በመታት የሙቀት ማዕበል ምክንያት ከተለመደው በላይ 1,344 ሰዎች መሞታቸውን ተመራማሪዎች አስልተዋል። ከተማዋ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች። በኋላም የድሆች ሰፈር ጣሪያዎችን ነጭ የማድረግ ፕሮግራም ተጨመረበት። ነጩ ቀለም ግን እንደ ተቀባ አይኖርም። አቧራ ሲጠግብ ጥቅሙ ይወርዳል፤ መታጠብ አለበት፣ በየጥቂት ዓመቱም መታደስ አለበት። ብርዱ በሚበዛበት ቦታ ደግሞ የቀኑንም ሙቀት ስለሚመልሰው ቤቱን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል። እንደ ኔ ቤት ቀን የሚግል፣ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ከሆነ የሚሻለው ኮርኒስ ነው።

ኮርኒስ የሚሠራው ሥራ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ከላይ የጋለው ቆርቆሮ አየሩን ብቻ አይደለም የሚያሞቀው። አናታችን ላይ በቀጥታ ጨረሩን ይረጨዋል። ለዚህ ነው ቴርሞሜትሩ ያን ያህል ሳይወጣ ሰው የሚዝለው። ስስ ኮርኒስ እንኳ ያንን ጨረር ይጋርዳል፤ በመሃል የቀረው አየርም ብርድ ልብስ ይሆናል። ነገር ግን በርካሽ የተገኘውን ሁሉ ጣሪያ ሥር መጠቅጠቅ አደገኛ ነው። ነጩ ፎም ሳይሸፈን ከተተወ እሳት ሲነሳ ቶሎ ይያያዛል፤ ጭሱም መርዝ ነው። ካርቶንና የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ አንድ ላይ አያድሩም።

ከቀዝቃዛ አገር መመሪያ የተቀዳች አንዲት ምክርም አለች። «ንፋስ የሚያስገባ ስንጥቅ ድፈኑ» ትላለች። ማሞቂያው ጭስ ማውጫ ላለው ቤት ጥሩ ምክር ናት። ቤት ውስጥ ከሰል ለሚነድበት ቤት ግን ገዳይ ናት። ከሰሉ ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ያ ስንጥቅ ነው ሰዎቹን በሕይወት ያቆያቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች መሞታቸውን ገምቷል። ምድጃው ሳይስተካከል ስንጥቁ አይደፈንም።

የቆጠበ የለም፣ የተሻለው ግን ብዙ ነው

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ኬፕታውን አጠገብ ካዬሊቻ የሚባል ትልቅ የድሆች ከተማ አለ። እዚያ ኩያሳ በሚባል ሰፈር መንግሥት የሠራቸው ትናንሽ ቤቶች ኮርኒስ አልነበራቸውም። ለጥቂት ወጪ ተብሎ የተተወ ነው። በኋላ ከ2,000 በሚበልጡ ቤቶች ኮርኒስ፣ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያና ቆጣቢ አምፖል እንዲገባ ተደረገ። ፕሮጀክቱ ቁጠባው ተሰልቶ መታየት በሚኖርበት የኪዮቶ የአየር ንብረት ስምምነት ሥር የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ቤቱ ሲሠራ ኮርኒስ ማስገባትና ሰው ከገባበት በኋላ ማስገባት በወጪ አይገናኙም።

እዚያ የገጠማቸው ጥያቄ ግን ይበልጥ ይገርማል። ቤተሰቦቹ በፊትም ብዙ ሃይል አይጠቀሙም ነበር፤ አቅም ስለሌላቸው። ሲበርዳቸው ይታገሡታል፣ ሙቅ ውሃ ሲያምራቸው ይተዉታል። ታዲያ ከምን ላይ ነው የሚቆጠበው? የመጣው መፍትሔ ሰዎቹ ለተገቢ ኑሮ የሚያስፈልጋቸውን ሃይል ቢያገኙ ኖሮ ይጠቀሙ የነበረውን መነሻ አድርጎ ማስላት ሆነ። ይህ አስተሳሰብ የታፈነ ፍላጎትን ቆጠረው። እኔ ትክክል ነው እላለሁ።

ለምን መሰላችሁ፤ ተቃራኒው አቆጣጠር ድሃውን ይበድላል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2012 ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ አሮጌ ፍሪጆችንና የአየር ማቀዝቀዣዎችን በአዲስ ቀየረች። ፍሪጅ የቀየሩ ቤቶች ፍጆታ 8 በመቶ ብቻ ቀነሰ፤ ከተተነበየው ሩብ ያህሉ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ የቀየሩት ጭራሽ ጨመሩ። ነገሩ ይገባል። አዲሱ ፍሪጅ ትልቅ ነው፤ ማቀዝቀዣውንም ማሠራት ርካሽ ስለሆነ ሰው ረዘም አድርጎ ይከፍተዋል። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጄቨንስ እ.ኤ.አ. በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ሲጽፍ ይህንኑ ብሏል፤ ማሽኑ በተሻሻለ ቁጥር የሚነደው ከሰል ይበዛል።

ለፕሮግራሙ ገንዘብ ላወጣ መንግሥት ይህ ራስ ምታት ነው፣ አልክድም። ለቤቱ ግን ሌላ ነው። በሙቀት ስትንገላታ የኖረች አሮጊት ማቀዝቀዣዋን አንድ ሰዓት ጨምራ ብትተኛበት በኪሎዋት ሰዓት ሲለካ ኪሳራ ነው። በእንቅልፍ ሲለካ ግን ትርፍ ነው። የድሃን ቤት ስናሻሽል የመብራት ሂሳቡ ካልወረደ «አልሠራም» የምንል ከሆነ፣ ሰዎቹ እየታገሡ እንዲኖሩ ነው የምንፈልገው ማለት ነው።

ወደ ጋሼ ተመልሼ ነበር። አሁን «ቢያስገቡልኝ» አላልኩም። ቀለሙን እኔ ልግዛ፣ ጉልበቱን እርስዎ ይቻሉ፣ የቀለሙን ግማሽ ከኪራይ ያስቀሩልኝ አልኳቸው። ዝገቱን አይተው ለቆርቆሮውም ዕድሜ እንደሚጨምር ሲያውቁ እሺ አሉ። የገዛ ጣሪያቸው ነዋ። ብርዱን ብዙ እንዳያባብሰው መጀመሪያ ፀሐይ የሚበረታበት አንደኛው ወገን ብቻ ተቀብቷል።

ኮርኒሱ ላይ ገና ነን። ዕቃውን እኔ ልገዛ ተስማምቻለሁ፤ በምትኩ ኪራይ እንዳይጨምሩብኝ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ። እሳቸው አንድ ዓመት ይላሉ። እኔ ሁለት እላለሁ፤ ከቬንትሌተሩና ከሌሊቱ ማሞቂያ የማተርፈው ወጪዬን ከዚያ በፊት አይመልስልኝም። ሂሳቡን በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። ልጃቸው እያየው ነው ተብያለሁ፤ እሱ ደግሞ ለጂፕሰም ነው የሚያደላው።